በድንጋይ የተያዘ ተራ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ነው የሚል ሰው ካለ፣ የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው።

በመጀመሪያ እዚያ ምን እንዳስቀመጠኝ ልናገር። አለበለዚያ ሕልሜን የሰማ ሁሉ «አስካለ ዛሬ ምን በልታ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ጋሽ ደርበው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። መንገድ ሥራ ቤት ቀያሽ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ጨዋ ነው። ጨዋ ስላችሁ ግን በልኩ እንዳይመስላችሁ። ቦኖ ውኃ ስንሰለፍ አንደኛ የሚደርሰው እሱ ነው፤ «እናንተ ሥራ አለባችሁ፣ ቅደሙ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳልፎ፣ ውኃው ሲሄድ ባዶ ጀሪካኑን እያንኳኳ ይመለሳል። በገዛ ሠርጉ ዕለት እንግዳ ሲበዛበት ወንበሩን ለቆ፣ ከሚዜዎቹ ኋላ ቆሞ በላ ይባላል። ሚስቱ እትዬ ንጋቷ ይህ ወሬ ሲነሳ «ውሸት ነው» ብላ አታውቅም። ጣሪያ ጣሪያ ነው የምታየው።

የዚህ ሰው ልብ ከመስቀል ወዲህ ያስቸግረው ጀመር። አንዳንዴ ይሮጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሁለት ምት ይዘላል። ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የመጡ ሰዎች ሦስት ትንንሽ ነገሮች ሰውነቱ ላይ ለጠፉለት፤ አንዱን ደረቱ ላይ፣ አንዱን ጣቱ ላይ፣ አንዱን ጉልበቱ ላይ። ሽቦ የሚባል የላቸውም። ያዩትን ሁሉ ወገቡ ላይ ለታሰረች፣ ሳሙና ለምታክል ሳጥን በአየር ይነግሯታል፤ ሳጥኗ ደግሞ ለሐኪሞቹ ታስተላልፋለች። ፌቨን የምትባል ኢንጂነር ናት ያስረዳችን።

«ሦስቱም ባንዴ ካወሩ ሳጥኗ የማንንም አትሰማም» አለች። «ስለዚህ በተራ በተራ ነው የሚናገሩት፣ ልክ እንደ ታክሲ። ተራው ያልደረሰ ደግሞ ባትሪ እንዳይጨርስ ይተኛል።»

«ጥሩ አሳዳጊ ያሳደጋቸው ናቸው» አለ ጋሽ ደርበው፣ ደስ ብሎት።

«ሳጥኗ ቀይ ካበራች ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። ቁጥር እንዳይጠብቁ። በሩን ከፍተው ይግቡ። እሺ አባቴ?»

«እሺ ልጄ።»

እሺ ሲል መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ትናንት የቀጠሮው ቀን ነበር። እትዬ ንጋቷ ወገቧ ስለያዛት በአጥር ጠራችኝና፣ «አንቺ ቁጡ ነሽ፤ አብረሽው ሂጂልኝ። አደራ፣ ዐይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅዪ» አለችኝ። ምርቃት ይሁን ስድብ ሳይገባኝ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

አሥራ ሁለት ቁጥር ደረሰን። ጋሽ ደርበው ወረቀቷን በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። ሳጥኗ አረንጓዴ ታበራለች። ሰባት ተጠራ። ስምንት ተጠራ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተጠራም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጭኔ ላይ ተኛች፤ እኔም አብሬያት ተኛሁ።

በሕልሜ ያው ሆስፒታል ነው፤ ግን ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ነጭ ጋዋን የለበሱት ሐኪሞች አጥሩን ተደግፈው በፀሐይ ተሰልፈዋል። በሽተኞቹ ጠረጴዛ ጠረጴዛቸውን ይዘው ሻይ እየጠጡ «ነገ ተመለሱ» ይሏቸዋል። አንድ ጠና ያለ ሐኪም የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ተጠጋኝ።

«እናቴ፣ አንዴ ብቻ ላዳምጥዎ። ከትናንት ጀምሮ ሰው አላዳመጥኩም።»

«ካርድ አለህ?» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት እንጃ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«ካርድ ክፍሉ እኔን ሊፈልግ ወጥቷል፤ እኔ ደግሞ እሱን ልፈልግ ወጥቼ ተላለፍን» አለና ተመልሶ ተሰለፈ።

ወደ ጋሽ ደርበው ዞር አልኩ። ጋሽ ደርበው አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ቤት ገዝፏል። የሸሚዙ የቁልፍ ቀዳዳ በር አክሏል። «አደራ!» የሚል የእትዬ ንጋቷ ድምፅ ከኋላዬ ገፋኝ። ጎንበስ ብዬ በቁልፍ ቀዳዳው ገባሁ።

ውስጡ የታክሲ ተራ ነው። አቧራ አለ፤ ግፊያ አለ፤ የተቀደደ የዝናብ መጠለያም አለ። ታክሲ ብቻ የለም። በታክሲው ፈንታ ሳጥኗ ሱቅ አክላ ቆማለች፤ መስኮቷ ላይ አንድ ትልቅ ጆሮ ክርኑን አስደግፎ ተቀምጧል። ጆሮ ክርን ከየት አመጣ አትበሉኝ፤ ነበረው። ከመስኮቷ ፊት የጋሽ ደርበው አካላት ወረፋ ይዘዋል። ጉልበት አለ፣ ሆድ አለ፣ ተረከዝ አለ፤ ሁሉም ላብ በላብ ሆነው ይገፋፋሉ።

«ማዘር፣ በሰልፍ!» የሚል ፊሽካ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ብርቱካንማ ሰደሪያ የለበሰ፣ እንደ ጣት የቀጠነ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ቆሟል። ቀረብ ብዬ ሳየው፣ እንደ ጣት የቀጠነ ሳይሆን ራሱ ጣት ነው።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የጋሽ ደርበው የግራ እጅ ትንሹ ጣት ነኝ። እዚህ ተራ አስከባሪ ነኝ።»

«ትንሹ ጣት ሆነህ ነው ጉልበትን የሚያህል ነገር የምታሰልፈው?»

«ትልልቆቹ ጣቶች ሥራ አላቸው» አለና ፊቱን አዞረብኝ።

ዓይኔ ወደ ሰልፉ መጀመሪያ ሄደ። አንደኛው ቦታ ላይ ማንም የለም። ድንጋይ ነው ያለው፤ ቦኖ ስንሰለፍ ቤት ደርሰን እስክንመለስ ተራ እንደምንይዝበት ያለ መካከለኛ ድንጋይ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የትርፍ አንጀት።»

«ትርፍ አንጀቱንማ በደርግ ጊዜ ቆርጠው ጥለውለታል! ማን ያልሰማ አለ?»

«እናውቃለን። ድንጋይ ተቀምጦለታል። ይመጣል።»

ፊሽካው ተነፋ። ሁሉም ጸጥ አለ። ጆሮው ወደ ድንጋዩ ዘንበል ብሎ አዳመጠ። ድንጋዩ ምንም አላለም። ጆሮው ምንም አለመባሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማ።

«አበቃ! ቀጣይ!» አለ ትንሹ ጣት።

ደሜ መፍላት ጀመረ። በሰፈራችን ጉዳይ ያለው ሰው ቀበሌ ሲሄድ የሚገጥመውን አውቃለሁ፤ ተራ ለድንጋይ ሲታደል ግን አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ጉልበት ነበር። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዴት ዋልሽ? ደህና ነሽ ወይ? ቤተሰቡ ደህና ነው? ልጆቹስ? ያችኛዋስ ተሻላት? ከብቱስ? ዝናቡስ እናንተ ጋ ጥሏል? እንዲያው ደህና ነሽ ወይ…»

ፊሽካ።

«አበቃ! ቀጣይ!»

«ምኑ ነው ያበቃው?» አልኩ። «ጉዳዩን መች ተናገረ?»

«በሚቀጥለው ተራ ይናገራል።»

«በሚቀጥለው ተራስ ሰላም ሳይል ሊጀምር ነው?»

ጉልበት ራሱ ነው በቁጣ የዞረብኝ። «እኔን ባለጌ ታደርጊኛለሽ? እንደ ዘራፊ ዘው ብዬ ነው ጉዳይ የምናገረው?»

ቀጥሎ ሆድ ቀረበ። ሆድ ሰላምታውን አሳጠረ፤ «ርቦኛል» አለና ወረደ። ሁሉም አጨበጨበለት። ርቦኛል ሲል ግን የበላው ሽሮ ገና ከከንፈሩ አልደረቀም። ተረከዝ መጣ፤ «እኔ ምንም የለኝም፤ ተራዬ እንዳያልፍ ብዬ ነው» አለ። ለሱም አጨበጨቡለት። መስኮቱ አናት ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ጉዳይ የሌለው በቅድሚያ ይስተናገዳል። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው፣ ጉዳዩ አስቸኳይ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያቅርብ» ይላል። ማኅተም አለው። ማኅተሙ የጋሽ ደርበው እምብርት ነው።

ትንሹ ጣት ፊሽካውን ረዘም አድርጎ ነፋው። ያን ጊዜ ሁሉም በቆሙበት ተኙ። ጉልበት እጥፍ ብሎ አንኮራፋ። ሆድ ተነፋፍቶ ተኛ።

«ምን ሆኑ?»

«ባትሪ ቁጠባ። የተናገረ ሁሉ ይተኛል። ያልተናገረም ይተኛል።»

በዚያ ሁሉ ተኝቶ በሚያንኮራፋ ሰልፍ መጨረሻ፣ ከተረከዝም ኋላ፣ አንድ ያልተኛ አየሁ። ጋቢ ተከናንቦ፣ ሁለት እጁን እፊቱ አድርጎ፣ ለሚያልፍ ሁሉ መንገድ ለመልቀቅ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። አቋቋሙን ነው መጀመሪያ ያወቅኩት። ቦኖ ላይ እንዲሁ ነው የሚቆመው።

«አንተ የጋሽ ደርበው ልብ አይደለህም?»

«ነኝ። እንዴት ነሽ አስካለ? ንጋቷ ወገቧን ተሻላት?»

ድምፁ የጋሽ ደርበው ነው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ላቡ በጋቢው ጠርዝ ይንጠባጠባል።

«ተወው እሱን! አንተ ምን ሆነሃል?»

«ትንሽ ወሬ ነበረችኝ» አለ፣ እንዳፈረ ሆኖ። «አንደኛው የደም መግቢያ በሬ እየተዘጋብኝ ነው። ትንሽ ከቆየሁ ልቆም እችላለሁ ልል ነበር። ቢሆንም አይቸኩልም። ተራዬ ሲደርስ እላለሁ።» ይህን እንዳለ አንድ ምት ዘለለ። መሬቱ ወደ ታች ከዳኝ፤ መብራቱ ደበዘዘ። ከዚያ «ይቅርታ» ብሎኝ እንደገና መምታት ጀመረ።

ትንሹ ጣት ብርድ ልብስ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ይሄ ለምን አልተኛም? ሕግ ነው፤ ሁሉም ይተኛል!»

«ልብ ይተኛ? አንተ ቆማጣ! ልብ ከተኛማ አለቀ!»

«ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተራው ውጪ ሲመታ ነው የኖረው፤ መዝገብ ላይ አለ። አንድ ቀን እንኳ አርፎ አያውቅም። ዝም ያልነው በዕድሜው አክብረነው ነው።»

«ሕጉ ከሆነማ…» አለ ልብ፣ ብርድ ልብሱን ለመቀበል እጁን እየዘረጋ።

ብርድ ልብሱን ነጥቄ ወረወርኩት። ልብን በጋቢው ጎትቼ በተኙት ላይ እየተራመድኩ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሌሎቹን የረገጥኩት ሳላስብ ነው፤ ጉልበትን የረገጥኩት ግን ሆን ብዬ ነው።

«ስማኝ!» አልኩት ጆሮውን። ጆሮው አፍ የለውምና ትንሹ ጣት ደርሶ ያናግረኝ ጀመር።

«ወሬው ቀለሙ ምንድነው? ይላል።»

«ቀይ ነው!»

ጆሮው ክው ብሎ ነጣ። ትንሹ ጣት ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ።

«ቀይ ወሬ እንዲህ በአደባባይ ይነገራል? ወግ የለም? መርዶ እኮ ነው!»

«የምን መርዶ?»

«ቀይ ወሬ ለሐኪሙ በድንገት አይነገርም፤ ይደነግጣል። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ሐኪሙ ቁርሱን እስኪበላ እንጠብቃለን። ስለ ዝናቡ ትንሽ እንጫወታለን። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ‹ያው ሰው እንግዳ ነው› ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይገባዋል።»

«ሰውየው እኮ አልሞተም!»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ።

ይህን ስሰማ እኔ አስካለ፣ በእድር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩን አፍ አስይዤ ያስቀመጥኩ ሴትዮ፣ ጆሮው ላይ ተጠጋሁ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ልቡ ሊቆም ነው!» ብዬ ጮህኩ። ለካ በዚያው ቅጽበት ጉልበት ነቅቶ ሰላምታውን ጀምሮ ኖሯል። የሁለታችን ቃል አየር ላይ ተጋጨ። እንደ ብርጭቆ ከሽ ብሎ መሬት ላይ ተበተነ።

«አየሽ?» አለ ትንሹ ጣት፣ ስብርባሪውን በዱላው እየገፋ። «ሁለት ሰው ባንዴ ሲናገር የሚሆነው ይሄ ነው። ለዚህ ነው ተራ ያስፈለገው።»

በርከክ ብዬ ቃሌን መልቀም ጀመርኩ። «ልቡ» የሚለው በሆድ ሥር ገብቷል። «ሊቆም ነው» የሚለው ከጉልበት «ከብቱስ» ጋር ተጣብቋል። ጆሮው ያገኘውን አንሥቶ አዳመጠውና ለትንሹ ጣት አንሾካሾከ።

«ከብቱስ ሊቆም ነው፣ ነው የምትለው። ከብቱ ይቁም፤ ምን ቸገረን? ይላል።»

ከዚያ ወዲያ ትዕግሥት የሚባለውን እንጃ። ተነሣሁና አንደኛው ቦታ ላይ ያለውን ድንጋይ በሁለት እጄ አንሥቼ ወረወርኩት። ድንጋዩ ማኅተሙ ላይ አርፎ ማስታወቂያውን ለሁለት ቀደደው። ፊሽካው ከትንሹ ጣት አፍ ወደቀ። ልብን በትከሻው ይዤ ባዶው ቦታ ላይ አቆምኩት።

«አሁን ተናገር! ሰላምታ የለም፣ ቤተሰብ የለም፣ ከብት የለም። አንድ ቃል! ‹ልቆም ነው› በል!»

ጆሮው ዘንበል አለ። ሁሉም ዘንበል አሉ። ልብ ጋቢውን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ከኋላ በኩል አንድ ስቅታ ደረሰ። አሁን ገና የመጣ፣ ቁጥርም ያልያዘ፣ ትንሽ ሻንጣ ያንጠለጠለ ተራ ስቅታ። ልብ አየውና ከቦታው አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለው።

«ኧረ አይገባም!» አለ ስቅታ።

«በሞቴ! መንገደኛ ነዎት።»

«እኔ እንኳ ለሁለት ደቂቃ ነው የመጣሁት…»

«በሞቴ አልኩ እኮ!»

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። ድምፄ እንደ ጩኸትም እንደ ልመናም ሆነብኝ።

«ሰው ምን ይላል፣ አስካለ? ልብ ሆኖ ይጋፋል ይሉኛል።»

ዓይኔ ጋቢው ጫፍ ላይ ያለችው ቋጠሮ ላይ ዐረፈ። ፈታሁት። ወረቀቷ ከእድሜ ብዛት ቢጫ ሆናለች። ላይዋ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው።

«አንደኛ ነህ እኮ! ከመጀመሪያውም አንደኛው ተራ ያንተ ነው!»

«ነበር» አለ። «ትርፍ አንጀት የታመመ ጊዜ አሳዘነኝና ለሱ ሰጠሁት። ከዚያ አልተመለሰም። አንዴ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ስለሆነ…»

«ስለሆነ ምን?»

«ድንጋዩን ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ።»

ለካ ስፈላ የቆየሁት በማይሆን ሰው ነው። ትንሹ ጣት ምን በደለ? ጆሮውስ? ተራውን የሸጠው የለ፣ የቀማው የለ። ባለቤቱ ራሱ ነው በገዛ እጁ ድንጋይ አንከባሎ ያመጣው! ጋቢውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩና ልብን መነቅነቅ ጀመርኩ። «ተናገር! ተናገር አንተ ሰውዬ! ተናገር!» አንድ ምት ዘለለ። ሁለት ዘለለ። ሦስተኛውንም ዘለለና መብራቱ ጠፋ።

ነቃሁ።

የጋሽ ደርበውን ጋቢ በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ከጋቢው እጥፋት ውስጥ ቀይ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ሳጥኗን ሁለት ጊዜ በጋቢ ጠቅልሎ፣ በላይዋ ባርኔጣውን ደፍቶባታል። ፊቱ አመድ መስሏል። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«ተነሣሽ አስካለ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንቅልፍሽን ላለመረበሽ ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቀይ ያበራችው?»

«ብዙም አይደለም። ሃያ ስምንትን ሲጠሩ ነው።»

«ሃያ ስምንት? እኛ አሥራ ሁለት አልነበርንም?»

ቋጠሮውን ፈታሁ። ሃምሳ ሰባት።

«ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «የሷን ሠላሳ አንድ ተቀበልኳት። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ጥርሱን አመመኝ ብሎ ሲያለቅስ…»

«ጥርስ? ጥርስ እኮ በወዲያኛው በር ነው!»

«አዎ፤ ተሳስቶ ነው የመጣው። ሲነግሩት ሄደ።»

«ቁጥሩንስ?»

«ይዞት ሄደ። እንዴት ብዬ መልስልኝ እላለሁ?»

«አደራ፣ ዐይንሽን እንዳትነቅዪ» ነበር ያለችኝ እትዬ ንጋቷ። እኔ ግን ዐይኔን መንቀል አይደለም፣ ጭራሽ ከድኜዋለሁ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

«ቀይ አብርቷል! የጋሽ ደርበው ሳጥን ቀይ አብርቷል!»

የካርድ መስኮቷ ልጅ ኮምፒውተሯን ተመለከተች። ቀና ብላም በትሕትና፣ «አዎ እናቴ፣ መልእክቱ ደርሶናል። ይኸው፣ ደርበው፣ ቀይ። ቁጥራቸው ስንት ነው?» አለችኝ።

በሕልሜ የተሰበረው ጩኸት ያን ጊዜ ሙሉውን ወጣ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ባለ ሠላሳ አምስት ቁጥሩ ሰውዬ ግን በኋላ ሲነግረኝ፣ ስለ ጆሮና ስለ ድንጋይ፣ ስለ ከብትም አንሥቻለሁ። በሮች ተከፈቱ። ሁለት ሰዎች ጎማ ያለው አልጋ እየገፉ መጡ፤ ጋሽ ደርበውን አንሥተው አጋደሙት፤ ሮጥን።

የድንገተኛው በር ጋ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ሌላ አልጋ ደረሰ። አፍና አፍንጫቸው ላይ ኦክስጂን የተደረገላቸው አንዲት ባልቴት ተኝተውበታል። በሩ አንድ አልጋ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ጋሽ ደርበው አንገቱን ቀና አደረገ።

«እናቴ፣ ይቅደሙ» አለ።

ባልቴቷ ኦክስጂኑን ከአፋቸው ገለል አደረጉት። «ኧረ እኔ ልሙት! አንተ ቅደም ልጄ!»

«በሞቴ!»

የአልጋ ገፊዎቹ፣ የጨዋ ልጆች ናቸውና፣ አራቱም ቆሙ። ማን እንደሚቀድም እስኪስማሙ በአክብሮት ይጠብቃሉ!

እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። የጋሽ ደርበውን አልጋ በሁለት እጄ ገፍቼ በበሩ ወረወርኩት፤ ወዲያው ዞሬ የባልቴቷንም ከኋላው ሰደድኩት። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። የጫማ ሩጫ ይሰማል፤ የብረት ኮሽታ ይሰማል፤ «ቶሎ! ቶሎ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። በመሀሉ ያች የማውቃት የጋሽ ደርበው ቀጭን ድምፅ መጣች፤

«ዶክተር፣ ምሳ በልተዋል? ካልበሉ ግዴለም፣ እኔ እጠብቃለሁ።»